ደጃፍ ላይ የቆሙ ዘማሪዎች፦ የልጃገረዶች የኅብረት ዜማ ታሪክ ከዋግና ከላስታ እስከ ፉሪ

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)



ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን አጀማመር የሚነገረው ታሪክ ብዙ ጊዜ በወንድ ልጆች ይከፈታል። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነትም የማርሽ ባንድ ሆኑ። «አርባ ልጆች» የሚለው ስም ዛሬም ይታወሳል። ይህ ታሪክ ለጸሐፊ ይመቻል፤ መሥራች አለው፣ ዓመት አለው፣ ፎቶግራፍ አለው።

እኔ ዛሬ የማነሣው የኅብረት ዜማ ግን ከዚህ አንዱም የለውም። መሥራቹ አይታወቅም፤ የተመሠረተበት ቀን በመዝገብ አልሰፈረም። ባንዱ ከመቋቋሙ ከረጅም ዘመን አስቀድሞ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሴት ልጆች በነሐሴ አጋማሽ በየቡድናቸው ተደራጅተው፣ ከበሮ ይዘው፣ ደጃፍ ለደጃፍ እየዞሩ ያዜሙ ነበር፤ ዛሬም ያዜማሉ። እኛ ግን ይህን «ጨዋታ» ብለን ለበዓል ዜና እንተወዋለን። በእኔ አስተያየት በአገራችን ረጅም ዕድሜ ካላቸው የኅብረት ዜማ ተቋማት አንዱ ይህ ነው። ተቋም ስል የምር ነው፤ ሥልጣን፣ ሥልጠና፣ ገንዘብ ያዥ፣ የጊዜ ሰሌዳና የመብት ወሰን አለውና።

በዋግ ኽምራ፣ በተለይም በሰቆጣና በአካባቢው፣ ሻደይ ይባላል፤ በላስታ ላሊበላ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ፣ በአክሱም ዓይኒ ዋሪ ይሰኛል። ስሙ ይለያይ እንጂ መሠረቱ አንድ ነው። ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ገብቶ ለ15 ቀናት ይጾማል፤ በ16ኛው ቀን የእመቤታችን ዕርገት ሲከበር በአብዛኛው ሥፍራ የልጃገረዶቹ ቀናት ይጀምራሉ። አሸንድዬ ወይም አሸንዳ የሚባለው በክረምቱ ዝናብ የሚያድግ ረጅም ለምለም ሣር ነው፤ ልጆቹ ያጭዱታል፣ እየጎነጎኑ በወገባቸው ያስሩታል፤ ሲወዛወዙ እንደ ዘርፍ ይነሰነሳል። «ሻደይ» የሚለውንም የአካባቢው ሰዎች ከኽምጣና ቋንቋ ጋር አያይዘው «ለምለም» ብለው ይፈቱታል።

የበዓሉን አመጣጥ በተመለከተ ሽማግሌዎችና ካህናት የሚተርኩት ብዙ ነው። አንዱ መላእክት እመቤታችንን በዝማሬ አጅበው ወደ ሰማይ ማሳረጋቸውን ያወሳል። ሌላው የኖኅን ርግብና ይዛ የተመለሰችውን ለምለም ቅጠል ያነሣል። ሦስተኛው ከመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 ይመጣል፤ የዮፍታሔን ልጅ ለማሰብ የእስራኤል ሴቶች ልጆች በየዓመቱ 4 ቀን ይወጡ ነበር። እንደ ሥነ ቃል ተመራማሪ የትኛው «ትክክል» ነው ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ሦስተኛው ለምን ተመረጠ የሚለው ይስበኛል። ትረካው ስለ አንዲት ልጅና ስለ ጓደኞቿ ነው። ልጆች በቡድን ወጥተው የሚያዜሙበት፣ በዓመት የተወሰኑ ቀናት ያሉት፣ ወንድ የማይመራው ሥርዓት። የበዓሉ ባለቤቶች በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ የራሳቸውን ቅርጽ ፈልገው አግኝተዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቡድኑ አሠራር እንግባ። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና።

ቡድኑ የሚሰበሰበው በሠፈርና በዕድሜ አቻነት ነው። ትንንሾቹ ከትንንሾቹ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሱት ከእኩዮቻቸው ይቧደናሉ፤ ሆኖም አንድ ቡድን ውስጥ ሁለትና ሦስት የዕድሜ እርከን ማየት የተለመደ ነው፤ ትምህርቱ የሚተላለፈውም በዚሁ ነው። አንዷ አውራጅ ናት። ግጥሙን ታወጣለች፣ ዜማውን ታነሣለች፣ መቼ እንደሚፈጥን፣ መቼ እንደሚያበቃ በድምፅዋና በትከሻዋ ትጠቁማለች። ሌሎቹ ተቀባዮች ናቸው። ከበሮ የምትመታው ልጅ ከአውራጇ አጠገብ ትቆማለች። የተሰጣቸውን የምትይዝ ሌላ አለች፤ እርሷ ብዙ ጊዜ ድምፅዋ ጎልቶ የማይሰማ፣ ግን ሁሉም የሚያምናት ልጅ ናት።

ዜማው አጭር ነው። አውራጇ የምታወርደው ሐረግ በጥቂት ድምፆች መካከል ይመላለሳል፤ ተቀባዮቹ የሚመልሱት ከዚያም ያነሰ፣ አንዳንዴም አንዲት ቃል ብቻ ነው። በመሣሪያ የታጀበ ሙዚቃ የለመደ ጆሮ ይህን «ቀላል» ሊለው ይችላል። ቀላል የሆነው ግን ተቀባዮቹ የያዙት ክፍል ነው፤ የ6 ዓመት ልጅ ሰምታ ወዲያው እንድትገባበት ተደርጎ የተበጀ ነውና። አውራጇ ያለባት ሸክም ሌላ ነው። የሚደርሱበትን ቤት አይታ፣ አባወራውን ወይም እመቤቲቱን አውቃ፣ ተቀባዮቹ መልሳቸውን በሚሉባት በዚያች ቅጽበት ቀጣዩን ስንኝ ማዘጋጀት አለባት። ቤት መምታት አለበት፤ ባለቤቱን መንካት አለበት፤ ማስቀየም የለበትም፤ ወይም ማስቀየም ካስፈለገ አስባበት መሆን አለበት። ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪ ጉባኤ ላይ የሚፈተነው በዚህ ዓይነት ፍጥነት ነው። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ የቅኔ መምህርት በጎጃም እንደነበሩ እናውቃለን፤ ለአብዛኞቹ ሴት ልጆች ግን በአደባባይ ስንኝ የመቋጠር ፈተና የተሰጣቸው በዚህ በደጃፍ ጉባኤ ነበር።

በእነዚያ ቀናት ልጆቹ መብት አላቸው። በሌላው ጊዜ ውኃ ለመቅዳትና እንጨት ለመልቀም ካልሆነ ከቤት ስትርቅ «የት ነበርሽ» የምትባል ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ከጓደኞቿ ጋር ትዞራለች። ተኳኩላ፣ ሹሩባ ተሠርታ፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ የእናቷን ጌጥ ጭምር አድርጋ በአደባባይ ትታያለች። የሰጠውን ትመርቃለች፤ የነፈገውን በግጥም ትሸነቁጣለች፤ አዋቂው ይህን ሰምቶ መቆጣት ነውር ነው። ልጅ አዋቂን በአደባባይ የምትመዝንበት ሌላ ቀን በዓመቱ ውስጥ ፈልጉልኝ። ከበዓሉ በኋላ የተሰበሰበውን ይካፈሉታል፤ ወይም ደግሰው አብረው ይበሉታል። ክፍፍሉ ላይ ጠብ ቢነሣ የሚፈቱት ራሳቸው ናቸው።

ወንዶቹም የራሳቸው አላቸው፤ ነሐሴ 13 ቀን ለደብረ ታቦር፣ በዋዜማው ጀምሮ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ጅራፍ እያጮኹ ይዞራሉ፣ ሙልሙል ይሰጣቸዋል። አቀባበሉ ተመሳሳይ ነው። የወንዶቹ ግን በደጃፍ አይቀርም። ወንድ ልጅ ድምፅ ካለው የቆሎ ተማሪ ሆኖ ዜማ ቤት ይገባል፤ ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ ማኅሌት ይቆማል፤ መሪጌታ ይሆናል። ሴቷ ስታገባ ቡድኗን ትለቃለች፤ ድምፅዋ ወደ ሰርግ ዘፈን፣ ወደ እሹሩሩና ወደ ለቅሶ ይሄዳል። መሰላሉ ለእርሷ አንድ እርከን ብቻ ነበረው።

በነገራችን ላይ ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በእንግሊዝ የሳልዝበሪ ካቴድራል ለብዙ መቶ ዓመታት በወንድ ልጆች ብቻ ሲያዘምር ቆይቶ የልጃገረዶች መዘምራን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ማኅሌቱ የወንዶች እንደሆነ ቢቆይም፣ ባለፈው መቶ ዓመት የተስፋፋው የሰንበት ትምህርት ቤት ሁለተኛ እርከን ከፍቷል። ሴት ልጆች የመዘምራን ልብስ ለብሰው፣ ከበሮ መትተው፣ በዐውደ ምሕረት ቆመው ይዘምራሉ። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ኳየር ውስጥ ሴቶች ቢያንስ እኩሌታውን መያዛቸው የተለመደ ነው። ከአብዮቱ በኋላ በየቀበሌው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ደግሞ፣ ዓላማቸው ፖለቲካ ቢሆንም፣ ብዙ ልጃገረዶችን ከደጃፍ አንሥተው መድረክ ላይ አቆሙ። ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት ያፈራው የወሎው ላሊበላ ኪነት ለዚህ ምስክር ነው። ስለ ኪነት ዘመን በቂ ተጽፏል፤ እዚህ አልዘገይም።

ልዘገይበት የምፈልገው ወደ መድረክ የመውጣቱ ዋጋ ላይ ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት ሻደይ፣ አሸንድዬ፣ ሶለልና አሸንዳ የክልልና የከተማ መስተዳድሮች የሚያሰናዷቸው ትልልቅ ፌስቲቫሎች ሆነዋል። መድረክ ይተከላል፣ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፣ ቴሌቪዥን ያስተላልፋል። የቱሪዝም ጥቅሙን አልክድም። ልጆቹ ራሳቸው በመታየታቸው ይኮራሉ፤ ይህንንም የሚያቃልል ምሁር አላዋቂ ነው። ይሁን እንጂ ከሥነ ቃል አንጻር ምን እንደሚለወጥ እንይ። መድረክ ላይ በር የለም። በር ከሌለ የሚወደስ ወይም የሚሸነቆጥ ባለቤት የለም። ባለቤት ከሌለ አውራጇ በቅጽበት የምትፈጥረው ስንኝ አያስፈልግም፤ አስቀድሞ የተጻፈ፣ የተገመገመ ግጥም ይበቃል። ተቀባዮቹም የ6 ዓመት ልጅ በድንገት የምትቀላቀልበት ማኅበር መሆናቸው ቀርቶ በቁመት የተመረጡ፣ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ሠልጣኞች ይሆናሉ። ዜማው ይቀራል፣ ልብሱ ይደምቃል፤ ጉባኤው ግን ይጠፋል።

የቡልጋሪያ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በዚያ አገር ከሆሣዕና በፊት ባለችው ቅዳሜ፣ የአልዓዛር ቅዳሜ በሚሏት ዕለት፣ ልጃገረዶች አበባ ተጎናጽፈው ቤት ለቤት እየዞሩ ያዜማሉ፤ ዕንቁላል ይሰጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1951 ፊሊፕ ኩቴቭ የተባለ የሙዚቃ ደራሲ ከየመንደሩ ድምፃውያንን ሰብስቦ የመንግሥት የባህል ቡድን መሠረተ፤ የመንደሩን ዜማ በብዙ ድምፅ እያቀናበረ አሠራ። ከዚያ መንገድ የወጣው የቡልጋሪያ ሴቶች ዝማሬ በዓለም ዙሪያ ተደነቀ፤ «የቡልጋሪያ ድምፆች ምሥጢር» በሚል ርዕስ ከታተሙት አልበሞች ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1990 ግራሚ ተሸለመ። ዝማሬው በእውነት ድንቅ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሙያ ዘማሪና የመንደር ዘማሪ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆኑ። እኛ አገር ገና አንድ ሰው ናቸው። መድረክ ላይ ያየናት ልጅ በማግሥቱ የአክስቷ በር ላይ ቆማ ታዜማለች። ይህ እስከ መቼ ይዘልቃል የሚለው ለእኔ የቁጭት ሳይሆን የምርምር ጥያቄ ነው።

ጦርነቱም ሳይነሣ አይታለፍም። ላሊበላ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ስትያዝ አሸንድዬ ሊገባ 17 ቀናት ቀርተውት ነበር። በዚያ ዘመን በዋግ፣ በላስታ፣ በራያም በትግራይም፣ ወገን ሳይለይ፣ የስንት ቡድን አውራጅ ቤቷን ጥላ እንደተሰደደች መገመት ይቻላል። በበር ላይ የሚዜም ዜማ የተዘጋና የተቃጠለ በር ሲያገኝ ምን ይሆናል? በመጠለያ ድንኳን ፊት ለፊት ይዜማል? ከተመላሾቹ ልጆች ይህን ጠይቆ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልገናል፤ የዚያ ክረምት ታዳጊዎች አሁን ለማግባት ደርሰዋልና፣ ካገቡ በኋላ ቡድኑን እንደሚለቁ ደግሞ ቀደም ብዬ ተናግሬያለሁ።

ከዚህ ወደ ራሴ ሠፈር ልምጣ። እኔ የምኖረው ፉሪ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር የሚልቀው የፉሪ ተራራ ግርጌ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ደቡባዊ ጫፍ። ከተማው ወደዚህ ሳይዘልቅ ሥፍራው የቱለማ ኦሮሞ ገበሬዎች እርሻና ግጦሽ ነበር። በሸዋ ኦሮሞ ዘንድ በክረምቱ ማብቂያ ልጃገረዶች የሚያዜሙት እንግጫ የሚባል ጨዋታ አለ፤ በምሥራቅ ጎጃምም ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ ነቀላ ይወጣሉ። ሣሩ አንድ፣ ስሙም አንድ፣ ቋንቋው ሁለት ነው። ማን ከማን ወሰደ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ሣሩ ድንበር አያውቅም።

ፉሪ ውስጥ ዛሬ የሚሰማው አበባ አየሽ ሆይ ነው። በጳጉሜን ማብቂያና በመስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች ዐደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው ይመጣሉ፤ ወንዶቹ በቀለም ያሸበረቁ ሥዕሎች ያድላሉ። አውራጅ አለች፣ ተቀባዮች አሉ፣ ገንዘብ ያዥ አለች። አሠራሩ ከሰቆጣው ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ አባላቱ ላይ ነው። በሠፈሬ በሚመጡት ቡድኖች ውስጥ ወላጆቻቸው ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጉራጌ፣ ከወላይታ የመጡ ልጆች፣ የአካባቢው የኦሮሞ ገበሬዎች የልጅ ልጆች፣ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች በአንድ ከበሮ ይቆማሉ። አንድ ጊዜ አንዲት አውራጅ አማርኛውን ጀምራ ሦስተኛው ቤት ላይ ስትደርስ ስንኙን በኦሮምኛ አወረደችው፤ የቤቱን ባለቤት ታውቀው ነበር። ተቀባዮቹ ምላሻቸውን ሳይለውጡ ቀጠሉ። ስለ ሁለት ቋንቋ ሥነ ቃል በሰሚናር የምንለው ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተፈጸመ።

የዘፈኑ ይዘትም ፉሪ ላይ ሌላ ትርጉም ያገኛል። የታወቁት ስንኞች ጓደኞችን በተራ ያቆማሉ፤ እንጨት ለቅማ ቤት ለመሥራት ስለምታስብ፣ እስከዚያው ግን ቤትም አጥርም ስለሌላት፣ ሌሊቱን በደጅ ከዋክብት እየቆጠረች ስለምታሳልፍ ልጅ ይናገራሉ። ይህን በልጅነቴ ሳዜም እንደሰማኋቸው እኅቶቼ ትርጉሙን ሳላስተውል ነበር የማልፈው። ቤት በየዓመቱ በሚሠራበት፣ ሕጋዊ አይደለም ተብሎም በሚፈርስበት፣ ተከራይ በየስድስት ወሩ ዕቃውን በሚጭንበት የከተማ ዳርቻ ግን ስለ ቤት አልባነት የምትዘምር የ9 ዓመት ልጅ የምትለውን አታውቅም ብሎ መገመት አይቻልም።

የበሩ ነገር ደግሞ አለ። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተስፋፋ ወዲህ፣ ጀሞን በመሳሰሉ ትልልቅ ሠፈሮች የደጃፍ ትርጉም ተለውጧል። ሕንጻው መግቢያ ላይ ጥበቃ አለ፤ ቡድኑ ካለፈም አራት ፎቅ ደረጃ ይወጣል። ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ከበሮ ሲመታ ድምፁ ስለሚያስተጋባ የአንድ ቤት ዜማ አምስት ቤት ይሰማል፤ አውራጇ ለአንድ ባለቤት የምታወርደው ውዳሴ ለሁሉም ይሆናል፤ ለሁሉም የሆነ ውዳሴ ደግሞ ማንንም አይነካም። ግቢያቸው ውስጥ የታጠሩት ቤቶች በኩል ያለው ችግር ሌላ ነው፤ ባለቤቱ በሩን ሳይከፍት ብር በቀዳዳ ያቀብላል። ልጆቹ ገንዘቡን ይወስዳሉ። ግን ማንን እንደሚመርቁ አያውቁም፤ ስለዚህ የተለመደውን ስንኝ ብለው ያልፋሉ። እኔ ባየሁት መጠን ግጥሙን ከመድረክ ይልቅ ያደከመው ይህ የተዘጋ በር ነው።

ይሁንና ልጆቹ መፍትሔ እየፈለጉ መሆናቸውንም ታዝቤያለሁ። አንዳንዶቹ ሱቅ፣ ፀጉር ቤትና ታክሲ ተራ ላይ መቆም ጀምረዋል፤ ባለቤቱ በግልጽ የሚታይበት፣ ስሙ የሚታወቅበት ቦታ ነውና። የታክሲ ረዳትን የሚያወድስና የሚሸነቁጥ አዲስ ስንኝ እየተወለደ ነው። ይህን ማንም አልጻፈውም።

ስለዚህ ለዚህ ክረምት ያሰብነውን ሥራ ልንገራችሁና ወደ ጥያቄ እንለፍ። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መግቢያ ድረስ የሚሠሩ ተማሪዎች እፈልጋለሁ፤ ወደ ሰቆጣ፣ ላሊበላና ቆቦ ለመሄድ ለሚችሉ አንድ ቡድን፣ አዲስ አበባ ለሚቀሩ ሌላ ቡድን እናደራጃለን። የወላጅ ፈቃድ ሳትይዙ ቀረጻ አትጀምሩ። የልጅ ስምና ፊት አይመዘገብም፤ ዕድሜዋ፣ በቡድኑ ያላት ሥራና ከማን እንደተማረች ይበቃል። ዜማውን ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ የትኛው በር ተከፈተ፣ የትኛው ተዘጋ፣ በየበሩ አውራጇ ምን ለወጠች፣ ገንዘቡ እንዴት ተካፈለ የሚለውን በየቤቱ ቅደም ተከተል መዝግቡ። ለቡድኑ ስጦታ መስጠት ትችላላችሁ፤ ግን ዜማው ሳያልቅ ብር አታውጡ፤ ያየችው እንደሆነ አውራጇ ወዲያው ወደ ምርቃት ትሻገራለች፣ የምንፈልገው መካከለኛው ክፍልም ያመልጠናል።